እናቴን ይዤ ኔዘርላንድ ልሄድ ነው፦ የአያቴን መዝገብ ስንፈልግ የት እንረፍ?

የወንጂ ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ የተወለደችው ወንጂ ነው፤ ጥር 1955። አባቷ ስኳር ፋብሪካው ኤችቪኤ በሚባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እጅ በነበረበት ዘመን እዚያ ይሠራ የነበረ የኔዘርላንድ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ኮንትራቱ አለቀና ሄደ። ሴት አያቴ እስክትሞት ድረስ ስለ እሱ ክፉ አልወጣትም። ደግም አልተናገረችም። የቀረን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ ካልሲ። ከጀርባው ሙሉ ስሙና የአንድ ከተማ ስም በእርሳስ ተጽፏል። ጽሑፉ እየደበዘዘ ስለሆነ እናቴ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ዘንድሮ ወሰንን። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለሁለት ሳምንት ልንሄድ አስበናል። ገንዘቡን ሁለት ዓመት ሙሉ ነው ያጠራቀምኩት። አሁን የያዘኝ የማረፊያው ጉዳይ ነው። በአባቴ በኩል ሮተርዳም ውስጥ ዘመድ አለን፤ «እኔ ጋ ነው የምታርፉት» ብሎናል። ቤቱ ግን ሁለት መኝታ ነው፤ እሱ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ሆቴሉን ሳይ ዋጋው ያስደነግጣል። የሚከራይ አፓርታማ ደግሞ እንዴት እንደሚመረጥ አላውቅም።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ጾም አታፈርስም፤ በዚያ ላይ የሰኔ ጾም እዚያ ሳለን ይገባል። ሰው ቤት ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም። እናንተ ብትሆኑ የት ታርፉ ነበር?

ታቦር (ሐዋሳ)

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ዘ ሄግ ከተማ፣ አይኤስኤስ የሚባለው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ነው የተማርኩት፤ ከተማዋን በእግሬ አውቃታለሁ። ስለዚህ ስለ ቦታው እኔ ልናገር።

የኤችቪኤ የድሮ መዛግብት ያሉት ዘ ሄግ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ነው። ሕንፃው ከዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ከሴንትራል፣ አጠገብ ነው። ከባቡር ወርዳችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትራመዱ በሩ ላይ ናችሁ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱም እዚያው ጎን ለጎን ነው። ለእናትሽ ጉልበት ከዚህ የተሻለ ዜና የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ዘ ሄግ ሁለት ትልልቅ ጣቢያ አላት፦ ሴንትራልና ሆላንድስ ስፖር። ማስታወቂያ ላይ «ከጣቢያው ሁለት ደቂቃ» ሲል የትኛው እንደሆነ ካርታ ላይ እዪ። ሆላንድስ ስፖር አካባቢ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ መጥፎ ሰፈርም አይደለም። ከዚያ ወደ ሴንትራል ግን ትራም መያዝ ይኖርባችኋል።

አምስተርዳም አትረፉ። ወደ ዘ ሄግ በባቡር 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን በየቀኑ የእናትሽን አቅም ይበላል። ከ2024 ጀምሮ የከተማው የቱሪስት ግብር ከማረፊያው ዋጋ 12.5 በመቶ ሆኗል። ዘ ሄግ ውስጥ ውድ ከሆነባችሁ ራይስዋይክን፣ ፎርቡርግን ወይም ዴልፍትን ፈልጊ። ራይስዋይክና ፎርቡርግ ከዘ ሄግ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሰፈር የቀየርሽ ነው የሚመስልሽ። ከዴልፍት ደግሞ ቀጥታ ትራም አለ፤ ቁጥር 1።

ቲኬት ቆራጭ (አዳማ)

እኔ ጉዞ ወኪል ቤት ነው የምሠራው። ማረፊያውንና ቪዛውን ለየብቻ እንዳታይው።

ሸንገን ቪዛ ስትጠይቁ ለሁለቱም ሳምንት የት እንደምታርፉ ማሳየት አለባችሁ። አንድ ሌሊት እንኳ ክፍት ከሆነ ይጠይቋችኋል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሆቴል ወይም የአፓርታማ ማስያዣ ነው። ሌላው ዘመዳችሁ «እኔ ጋ ያርፋሉ» ብሎ የሚፈርመው ፎርም ነው። ፎርሙ ፊርማ ብቻ አይበቃውም፤ እሱ የሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ፊርማውን ማረጋገጥ አለበት። በጊዜ ንገሩት።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። መልሱ በ15 ቀን ይመጣል ይባላል፤ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። የአሻራ ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ ተነሺ።

አደራ የምልሽ ግን ይሄን ነው። «በ1,000 ብር የሆቴል ቡኪንግ እንሠራለን» የሚሉ አሉ። አትግቢበት። አንድ ደንበኛዬ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት አሠርቶ ነበር። ደላላው ቡኪንጉን በማግስቱ ሰርዞታል። ኤምባሲው ሆቴሉን ሲጠይቅ «እንዲህ የሚባል እንግዳ የለንም» ተባለ። ሰውየው ምንም ሳያውቅ ፓስፖርቱ ላይ ውድቅ የተደረገ ቪዛ ታሪክ ሆኖ ቀረ። ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ማረፊያ ራስሽ ያዢ፤ ቪዛው እስኪወጣ አትንኪው።

ሞቅ ያለ ቤት (አዳማ)

እኔ አልገባኝም። ዘመድ እያለ ሆቴል? በኛ ወግ እኮ ይሄ ስድብ ነው። ሰውየው ቅር ይለዋል። ልጆቹ ሳሎን ይተኙ፤ እናንተ ክፍሉን ያዙ፤ ሁለት ሳምንት ምን አላት። የተረፈውን ገንዘብ ለምርምሩ አድርጉት። ሮተርዳም ደግሞ ከዘ ሄግ ሩቅ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

ሮተርዳም 15 ዓመት

«ሞቅ ያለ ቤት» ያለው ከልቡ ነው፤ እኔም አዲስ መጥቼ ሳለሁ እንዲሁ ነበር የማስበው። ግን እዚህ ስለምኖር የማየውን ልናገር።

መጀመሪያ ደረጃው። የኔዘርላንድ የድሮ ቤት ደረጃ መሰላል በሉት። ጠባብ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እግር ሙሉውን አያርፍበትም። ብዙ አፓርታማ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት የለውም። ባለፈው ዓመት አክስቴ መጥታ እኛ ቤት አረፈች። ስትወጣ እጇን ከፊቷ ያለው ደረጃ ላይ እያደረገች፣ ስትወርድ ዞራ በጀርባዋ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ አልወጣም» አለች። ሀገር ለማየት የመጣች ሴት መስኮት ላይ ተቀምጣ ከረመች። ይሄን ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዘመዳችሁን መጀመሪያ «ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለው?» ብለሽ ጠይቂው።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። እናትሽ ሰው ቤት ካረፈች ማታ ደክሟት ስትመጣ ልጆቹን ታጫውታለች፤ ለሚስቱ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ጠያቂ እንግዳ ሲመጣ ቁጭ ብላ ታወራለች። እሱም ይሉኝታ ይዞት ሥራ እየቀረ ሊያደርሳችሁ ይሞክራል። ለጥየቃ ለመጣ ሰው ይሄ ደስ ይላል። እናትሽ ግን የምትሄደው የአባቷን ስም ፍለጋ ነው። ወረቀት ላይ የምታነበው ነገር ያስለቅሳት ይሆናል። ዘግታው የምታለቅስበት በር ያስፈልጋታል።

የእኔ ምክር፦ የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን ቅዳሜና እሁድ ዘመዳችሁ ጋ እደሩ። ቤተ ክርስቲያን አብራችሁ ሂዱ። የሥራ ቀኖቹን ግን ለብቻችሁ እረፉ። ይሄን ብሎ የሚነግረው እናትሽ ራሷ ትሁን። ከትልቅ ሰው ሲመጣ ቅር አይለውም።

የወንጂ ልጅ (አዳማ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። የአክስትሽ ታሪክ ጋ ስደርስ «በቃ ይሄ የኔ ነው» አለች። ዘመዳችንን ደውዬ ጠየቅኩት፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ያሉትን ሁሉ አደርጋለሁ።

አሁን የከበደኝ ክፍያው ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ገብቼ አንድ ጥሩ ቤት አገኘሁ፤ መጨረሻ ላይ ካርድ ጠየቀኝ። የኔ የባንክ ካርድ አልሠራም። ባንክ ስሄድ ለውጭ ምንዛሪ «ቪዛና ቲኬት አምጪ» አሉኝ። ቪዛ ለማግኘት ደግሞ ማረፊያ ይጠየቃል። ክብ መንገድ ሆነብኝ።

ቲኬት ቆራጭ (አዳማ)

ክቡን የምትቆርጪው እንዲህ ነው። መፈለጊያው ላይ «ያለ ካርድ መያዝ የሚቻል» እና «እዚያ ስትደርስ የሚከፈል» የሚሉትን ምርጫዎች አብሪያቸው። ብዙ አይወጡም፤ ግን አሉ። በዚያ ቪዛውን ጠይቂ። ቪዛው ሲወጣ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ የጉዞ ካርድ ከባንክሽ ታወጫለሽ። ከዚያ የፈለግሽውን ቤት ትይዢና የመጀመሪያውን ትሰርዢዋለሽ። አድራሻው ከተለወጠ አዲሱን ወረቀት አትመሽ በእጅሽ ያዢ፤ ስትገቡ ድንበር ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ወይም ሮተርዳም ያለው ዘመድሽ በካርዱ ይያዝልሽ፤ ስሙ ግን የእናንተ ይሁን።

ሌላው፣ ዋጋ ስታወዳድሪ የመጨረሻውን ገጽ እዪ። ኔዘርላንድ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የማረፊያ ተጨማሪ እሴት ታክስን ከ9 ወደ 21 በመቶ አሳድጋለች። የከተማው የቱሪስት ግብርም በላዩ ላይ ይመጣል። የአፓርታማ ኪራይ ከሆነ የጽዳት ክፍያ አለ። የድሮ ዋጋ ይዘሽ አትሂጂ።

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)

እኔ የምለው ከማረፊያው በፊት ነው። የት እንደምትሠሩ ሳታውቁ የት እንደምታርፉ እንዴት ትመርጣላችሁ? እኔ የባለቤቴን አያት ስንፈልግ በዚህ ተሸውደናል፤ ሌላ ሀገር ነበር፤ አሥር ቀን ተከራይተን የምንፈልገው መዝገብ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ተገኘ።

ኔዘርላንድ ውስጥ ብዙው ነገር ኢንተርኔት ላይ ነው፤ አዳማ ቁጭ ብለሽ መጀመር ትችያለሽ። ነጻ ነው።

ዴልፈር የሚባል ድረ ገጽ አለ። የድሮ ጋዜጦቻቸውን ሰብስበው የሚፈለግ አድርገውታል። እነሱ ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞት ጋዜጣ ላይ ያወጣሉ። የሞት ማስታወቂያ ላይ የልጆችና የልጅ ልጆች ስም ይዘረዘራል። የአያትሽን ስም እዚያ ፈልጊ።

ሲቢጂ የሚባል የቤተሰብ ታሪክ ማዕከል ደግሞ አላቸው። በፈረንጆቹ ከ1939 እስከ 1994 የሞተ ሰው ካለ የግለሰብ ካርዱን ግልባጭ በክፍያ ይሰጣሉ። ካርዱ ላይ ወላጆች፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ የኖረባቸው አድራሻዎች ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ ለሞተ የሚሰጠው ሌላ ዓይነት ወረቀት ነው።

የልደት መዝገብ ለሁሉም ክፍት የሚሆነው ከ100 ዓመት በኋላ ነው። የጋብቻ 75፣ የሞት 50። አያትሽ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጀመሪያ ከተወለደ ልደቱ ክፍት ነው ማለት ነው።

ስሙ «ቫን» ወይም «ቫን ደር» ካለበት በዚያ አትፈልጊ። ኔዘርላንድ ውስጥ ስም በፊደል ሲደረደር ዋናው ቃል ነው የሚታየው። «ቫን ደር» ብለሽ ከ«ቫ» ብትጀምሪ ቀኑን ሙሉ ታጪዋለሽ።

የዘመን አቆጣጠሩንም ተጠንቀቂ። የእናትሽ ጥር 1955 ማለት በእነሱ ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ 1963 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ነው የምትደምሪው። ብዙ ሰው ሁልጊዜ 8 እየደመረ ዓመቱን ይስታል።

ጡረተኛው (ወንጂ)

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ናት ይሄን የምትጽፍልኝ። እኔ ወንጂ ወርክሾፕ በ1957 ነው የተቀጠርኩት። የፈረንጆቹን ካምፕ አስታውሳለሁ። ሣሩ የታጨደ፣ ዛፉ በመስመር የተተከለ ነበር። እኛ በዚያ የምናልፈው ለሥራ ስንጠራ ነው። ከእነሱ መካከል እኛን በስማችን የሚጠሩ ነበሩ፤ በቁጥር የሚጠሩም ነበሩ።

ኤችቪኤ ወንጂ የመጣው ኢንዶኔዥያ ላይ የነበረው ነገር ሲበላሽበት ነው ይሉን ነበር። ስኳር ማምረት የጀመረው በፈረንጆቹ 1954 ነው፤ ሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለ። ደርግ በኛ 1967 ወረሰው። አሁን ሁለቱም አሮጌ ፋብሪካዎች ሥራ አቁመዋል። ስለዚህ የወንጂን ወረቀት ፍለጋ እዚያ ድረስ መሄድሽ አይገርመኝም።

ግን አንድ ነገር እወቂ። የኩባንያ ወረቀት ስለ ስኳርና ስለ ገንዘብ ነው የሚያወራው። ሰው ካገኘሽበት በዕድል ነው። እናትሽ ይሄን አውቃ ትሂድ፤ ሣጥን በተከፈተ ቁጥር አባቷን የምታይ እንዳይመስላት። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ እኔ ጋ ኑ። ሰውየው የት ክፍል እንደነበረ ፎቶውን ባየው ልነግራችሁ እችል ይሆናል።

የወንጂ ልጅ (አዳማ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን። እሁድ እንመጣለን። ቤትዎን የልጅ ልጅዎ በውስጥ መስመር ትንገረኝ።

ታቦር (ሐዋሳ)

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ስለዚህ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃችሁ ልጨምር። ማየት የምትፈልጉትን ሣጥን አስቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ ታዛላችሁ። መታወቂያ አሳይታችሁ የአንባቢ ካርድ ታወጣላችሁ። ቦርሳ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀራል። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም። በስልክ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚነካ ፋይል ከሆነ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ለብቻ ነው የሚጠየቀው።

በየቀኑ የሚከፈት አይምሰልሽ፤ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ከድረ ገጹ እዪ። ግንቦት ውስጥ ደግሞ በዓል ይበዛባቸዋል። የዕርገትና የጰራቅሊጦስ በዓላቸው ከኛ ጋር አንድ ቀን ላይ ላይውል ይችላል። ኤፕሪል 27 የንጉሡ ቀን ነው፤ በዚያ ሰሞንና በአበባው ወቅት ማረፊያ ጣሪያ ይነካል። እናንተ ግንቦት መጨረሻ መሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ ቀኑም ረጅም ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ላይ አትቀመጡ። አንድ ቀን ላይደን ሂዱ፤ በባቡር ሩብ ሰዓት ነው። የአፍሪካ ጥናት ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ነገር አለው።

የእማ እጅ (አዳማ)

እኔ ስለ ወጥ ቤቱ ልናገር፤ ማንም አላነሳውም። ጾም ካለ ኩሽና ያለው ቤት ያዙ። ሆቴል ውስጥ ሁለት ሳምንት ዳቦና ሰላጣ ይሰለቻል።

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር ይዛችሁ ሂዱ። ቅቤና ቋንጣ ግን አትያዙ። የአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድባችኋል። እንጀራ እዚያ አታጡም፤ ዘ ሄግ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት አለ። ሃግሰ ማርክት የሚባል ትልቅ የገበያ ቦታም አላቸው፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን ስትፈልጉ ከሱፐርማርኬት ይረክሳል። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው።

አሁን ዋናው። ጀበና ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስለ ምድጃው ጠይቁ። ኢንዳክሽን የሚባለው ጥቁር መስታወት ምድጃ የሸክላ ጀበና አያሞቅም። ብረት ካልሆነ አይነሳም። እኔ ልጄ ጋ ሄጄ ጀበናዬን ላዩ ላይ አስቀምጬ ሩብ ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ለብ እንኳ አላለም። የጋዝ ከሆነ ችግር የለም። ቡናውንም ቤት ውስጥ አትቁሉ። የጭስ ማንቂያው ሕንፃውን ያነሳዋል። ተቆልቶ የተፈጨ ይዛችሁ ሂዱ።

ሮተርዳም 15 ዓመት

የምድጃው ነገር ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት የሚላክ አጭር መልእክት እንድትጽፊ እመክርሻለሁ። «እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከመንገድ እስከ አልጋዋ ስንት ደረጃ አለ? ሊፍት አለ? ምድጃው ጋዝ ነው ወይስ ኢንዳክሽን? መታጠቢያው ገንዳ ነው ወይስ ቀጥ ያለ ሻወር?» እዚህ ሀገር ቀጥታ ከጠየቅሻቸው ቀጥታ ይመልሳሉ። አያፍሩም፤ አንቺም አትፈሪ። ተማሪ ክፍሉን ሊያከራይሽ ቢል ግን እንቢ በይ፤ ብዙ ጊዜ የማከራየት መብት የለውም፤ መሃል ላይ ብትወጡ የሚከራከርላችሁ የለም።

የመጨረሻ ነገር። ዘመድ ብታገኙ፣ የአባቷ ልጆች ብታገኙ፣ በር ላይ ሄዳችሁ አታንኳኩ። ደብዳቤ ጻፉ፤ ፎቶውን ቅጂ አያይዙ፤ ጊዜ ስጧቸው። «ኑ እደሩ» ቢሉም በመጀመሪያው አትደሩ። ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው።

የወንጂ ልጅ (አዳማ)

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ። መጀመሪያ ዜናውን።

ጋሼ ፎቶውን አይተው «ይሄ ቦይለር ክፍል ነው፤ ከጀርባው ያለውን በር አውቀዋለሁ» አሉን። እናቴ በሩን እስከዛሬ አይታው አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምታየው ፊቱን ነው።

ዴልፈር ላይ አንድ ማታ ስሙን ያለ «ቫን ደር» ጻፍኩት። በፈረንጆቹ 1987 የታተመ የሞት ማስታወቂያ ወጣ። ሚስትና አንዲት ልጅ ተጠቅሰዋል። የግለሰብ ካርዱን ከሲቢጂ አዘዝን፤ ከተማው ከፎቶው ጀርባ ካለው ጋር ገጠመ። ደብዳቤ ጻፍን። ለስድስት ሳምንት መልስ አልመጣም። ከዚያ መጣ። አጭር ነው፤ ትርጉሙ «ስለ ኢትዮጵያ አባቴ ብዙ አይናገርም ነበር። ስትመጡ ንገሩኝ» የሚል ነው።

ቪዛው ወጥቷል። ማረፊያ ላይ ሁለት ቤት ቀረልን። አንዱ ዘ ሄግ መሃል፣ በጣም የሚያምር፣ ሊፍት ያለው፣ ምድጃው ግን ኢንዳክሽን። ሌላው ፎርቡርግ፣ አሮጌ ወንበር ያለው፣ ምድር ቤት ነው፤ ምድጃው የጋዝ። እናቴ ፎቶዎቹን አየችና የጋዙን መረጠች። እኔ የመጀመሪያውን ነበር የፈለግኩት።

ሞቅ ያለ ቤት (አዳማ)

እኔ ቀድሜ ያልኩትን ልመልሰው። የዘመዱ ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። እንኳን የራሳችሁን ያዛችሁ። በሰላም ግቡ።

የወንጂ ልጅ (ፎርቡርግ)

ነገ እንመለሳለን። ሻንጣ እየዘጋሁ ነው የምጽፈው፤ ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም።

ቤቱ ከመንገዱ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ትራሙ በር ላይ ማለት ይቻላል። ቤተ መዛግብቱ አራት ቀን ሄድን። ጋሼ እንዳሉት ብዙው ሒሳብና ደብዳቤ ነው። እናቴ ግን አልሰለቻትም። «ወንጂ» የሚለውን ቃል በእነሱ ፊደል መለየት ተማረች፤ ባገኘችው ቁጥር በጣቷ ሳትነካ ከላይ ታሳየኛለች። ከሰዓት ሲደክማት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቤት ነን። ዘመዳችን ጋ ሁለቱን ቅዳሜና እሁድ አደርን፤ እናቴ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፤ ልጆቹ ከኋላ ከኋላዋ ነበሩ። ቅር አላለውም።

ደብዳቤውን የመለሰችው የእናቴ እህት ባለፈው ሐሙስ መጣች። ካፌ ልትቀጥረን ነበር። እናቴ «ንገሪያት፤ እኔ ቤት ትምጣ» አለች። እኔ ቤት አለች። የሦስት ቀን ኪራይ የቀረው ቤት ነው።

ጠዋት ተነሥታ ወለሉን ጠረገች። ምስርና ሽሮ ሠራች። ሴትዮዋ ስትገባ ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ከዚያ እናቴ ጀበናውን ጣደች። ሴትዮዋ ጀበናውን አይታ ዝም አለች። ቦርሳዋን ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሲኒ ነው። የኛ ሲኒ፤ ጆሮ የሌለው፣ ጠርዙ ላይ ወርቅማ መስመር ያለው። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠው ነበር አለች፤ ሲሞት እርሳስ መቅረጫና ቁልፍ ነበረበት። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

እናቴ ተቀብላ አጠበችው። አቦሉን በእሱ ቀድታ ለእህቷ ሰጠቻት።

ጋሼ፣ «ሰውየው ሄዶ ምን ሆነ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የሰማነውን ወንጂ መጥተን እንነግርዎታለን። ሲኒውን ግን አናመጣውም። እናቴ ስድስት ሲኒ ይዛ ነበር የመጣችው። «አንድ ሲኒ ብቻውን ምን ይሠራል» ብላ አምስቱን ጠቅልላ ለእህቷ ሰጠቻት።

የቤቱን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።